ፊቱ ወዴት ነው?

ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ፣ ከአሮጌው ዋርካ ጥላ፣
የጽሕፈት መኪና አለችኝ፣ “መ” ፊደሏ የላላ፤
“መብት” ብዬ ስመታባት፣ “መ” ከመስመር ዝቅ ትላለች፣
“ብት” ብቻዋን ከላይ ቀርታ፣ ራስ እንደሌላት ትቆማለች።
የሰው በደል እጽፋለሁ፣ በገጽ ሰማንያ ብር፤
ለድሃ ልቀንስ እንዳልል፣ ድሃው ብዙ ነው በጎንደር።

አንጓች ከወለቃ መጣች፣ ሐምሌ በባተ በሦስተኛው ለት፣
እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ፣ ነጠላዋን ዝናብ በልቶት።
ወንበር ሳብ ባደርግላት፣ “አቆሽሽብሃለሁ” ብላ ቆመች፤
ሳይጠየቁ መመለስን ከልጅነቷ የለመደች።

እናቷ፣ የእናቷ እናት፣ አፈር ያወጡበትን ቦታ፣
ደምለው ባለ ገልባጩ በቆርቆሮ አጠረው ባንድ ማታ።
ቀበሌ ሄደች። “ካርታሽስ?” አሏት።
መዳፏን ዘርግታ አሳየች፤ ስንጥቁን፣ ከስንጥቁ የገባውን ሸክላ።
ሳቁ። “ሽማግሌ ይየው” ተባለ።
ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እሷ የጠጣችበት ጣሳ ሲዞር፣
በዚያ በሚያዝያ ፀሐይ
ጥሙን ውጦ ዋለ።
ዓይኗ ይበላል ይሏታል፤ ባለእጅ ናት፣ ጠይብ ናት ይባላል፤
ይህ በክስ ውስጥ አይጻፍም። በየትኛው አንቀጽ ይገባል?

እኔም እንደ ልማዴ፣ ከስሟ ጎን “ሸክላ ሠሪ” ብዬ መታሁ፤
ለተከሳሹ “አቶ” ብቻ። ያኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልብ አላልሁ።

“ሃያ አምስት የሚባል አለ አሉ፤ ልጄ ተምራ ነገረችኝ፤
ከሕገ መንግሥቱ ነው፤ ከቻልክ እሱን አስገባልኝ።”
ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ዳኛ ኮራ ብዬ አነበብኩላት፦
ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው።
ዝም አለች። ዝናቡ የዋርካውን ቅጠል አንድ ባንድ ሲቆጥር ሰማነው።
“በሕግ ፊት?”
“በሕግ ፊት።”
“ይኸ ሕግ የምትለው ሰው፣ ፊቱ ወዴት ነው የዞረው?
እኔ በመጣሁ ቁጥር፣ የማየው ማጅራቱን ነው።”

መልስ አልነበረኝም።
ቀና ብዬ ከዋርካው ወዲያ የነገሥታቱን ግንብ አየሁ፤
አያቴ የነገሩኝ ወግ ያኔ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ፦
ዱሮ ከሳሽና ተከሳሽ፣ በኩታ ጫፍ ተቋጥረው፣
ዳኛ ፍለጋ ሲወጡ፣ አቀበቱን አብረው፣
አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው አብሮ እየተጎተተ፣
የጠገበም የተራበም፣ እኩል እየቃተተ።
ዛሬ ደምለው በመኪናው፣ አንጓች በእግሯ ከወለቃ፤
ከችሎት በር ይገናኛሉ፣ እሱ ከነከረባቱ፣ እሷ ከነጭቃ።

ቀጠሮ። ክረምቱ ገፋ፣ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ።
ጥቅምት፦ መዝገቡ አልተገኘም። ኅዳር፦ ዳኛው ሥልጠና።
ታኅሣሥ ላይ አንዲት ወጣት ዳኛ የኔን ወረቀት ገልጣ፣
“የከሳሿ ሥራ ተጽፏል” አለች፤ “የተከሳሹስ የት ሄደ?
ማነው ይህን የጻፈ?”
ከኋላ ወንበር ነበርኩ። አንገቴን ደፋሁ።
“ቦታው ይታይ” ብላ ለየካቲት ቀጠረች።

ያን ማታ እንደገና ጻፍኩት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣ ያለ ክፍያ።
“ወይዘሮ አንጓች” ብዬ ጀመርኩ።
“መብት” ላይ ስደርስ የላላችውን ፊደል በጣቴ ደግፌ መታሁ፤
እንደዚያም ሆኖ ትንሽ ዘመመች።

ነገሩ ገና አላለቀም። የካቲት አልፎ መጋቢት ተጋምሷል።
ዋጋዬን ስትጠይቀኝ ዝም ብል፣ ገንቦ ተሸክማ መጣች፤
ከጠረጴዛዬ ሥር ናት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ትይዛለች።
ደንበኛ ሲጠማው እቀዳለሁ። አንዳንዱ ጣሳውን ከአፉ አድርሶ፣
“ገንቦዋን ማን ሠራት?” ይለኛል።
ስሟን እነግረዋለሁ።
ከዚያ ፊቱን አያለሁ፣
ወዴት እንደሚዞር።