ለጦይብ ጋሪ የሞረድኩት ካም

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ከብረት ሱቆቹ ጥግ፣
ሰኞ ጠዋት መጣ ጦይብ፣ ሞተሩን ታቅፎ እንደ በግ።
የውሃ ፓምፕ ነበር፣ ሽንኩርት ሲያጠጣ የኖረ፣
ሦስት ጎማ ጋሪ ላይ ሊሾም የተማከረ።
"ሉባባ" አለኝ፣ "ጭነቴ ሦስት ኩንታል፣
መንገዴ ደሴ ነው፤ ይህ ልብ እንዴት ይችላል?
ደረቱን አስፊልኝ፣ ትንፋሹን አርዝሚው፣
ዶሮ መዝለያ ላይ ባጃጁን ልቅደመው።"

ሆዱን ከፈትኩት። ጥላሸት፣ የለመድኩት ሽታ፤
ካምሻፍቱ ተኝቷል በዘይት ጸጥታ።
እንቁላል ነው ነገሩ፣ ከዘንግ የበቀለ፣
ጀርባው ክብ፣ አፍንጫው የሾለ፤
አንዴ ዞር ሲል ፑንተሪያውን ሲነካ፣
ፑንተሪያው ዘንጉን፣ ዘንጉ ቫልቩን፣ በር ይከፈታል ለካ።

አፍንጫ አይጨመርም። ሙሔ ነው ያስተማረኝ፣
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቶርኖ ላይ አርጅቶ "ልጄ" የሚለኝ፦
"ከፍታ ስትፈልጊ ጫፉን አትንኪው፤
ጀርባውን ዝቅ አርጊ፣ ተረከዙን ፋቂው።"
ፋቅሁ እንግዲህ። ድንጋይ፣ ዘይት፣ ባለ ሰዓት መለኪያ፤
ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ የሦስት ቀን መክረሚያ።

ከፍታው ግን አልበቃኝም፤ ጎኑንም አሰፋሁት፣
በሩ ክፍት ይቆይ ብዬ ሰዓቱን አረዘምኩት።
የድሮው ሞላ ለስላሳ ነው፤ ዙር ሲበዛ ይዘናጋል፣
ቫልቩ መሪውን ትቶ አየር ላይ ይዋልላል፤
ጠንካራ ሞላ ሲሆን ደግሞ ብረት ብረትን ይበላል፤
መካከሉን ያገኘ ሰው እንቅልፉን ይታደላል።
የፑንተሪያው ፊት ጠፍጣፋ ይመስላል ለሚያየው፤
በጥፍር ሲዳስሱት ግን ጎበጥ ያለ ነው፤
እየዞረ እንዲፋተግ፣ አንድ ቦታ እንዳይቆስል፣
ትንሽ ከመሃል ፈቀቅ
(ሙሔ ይስቃል፦ "እንዲሁ ነው የሚኖር ባል")።

አንዲት ቅጽበት አለች፣ ሁለቱም በር የሚከፈቱባት፣
ወጪው ጭስ ሳይወጣ ገቢው አየር የሚደርስባት፤
እንደ መናኸሪያ በር፣ የወልዲያው ተሳፋሪ ሲወርድ
የአዲስ አበባው ሲገፋ፣ ዘንቢል ከዘንቢል ሲናደድ።
ያቺን ቅጽበት ወደድኳት፤
ከሚገባት በላይ ሰጠኋት፤ እንደ ልጅ አሞላቀቅኳት።

ሐሙስ አስነሳነው። ሃያ ደቂቃ ነዳጅ ሳንለቅ፣
አዲስ ካም ሲያዘግም ፊቱ ይላጣልና፣ እንዲላመድ፣ እንዲሞቅ።
ቆሞ ሲጠብቅ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤
ሲረግጡት ግን አስፓልቱን ይንዳል።
በኤርፖርቱ መንገድ ጦይብ ባዶውን ነዳው፤
ባጃጅ አለፈ፣ ሚኒባስ አለፈ፣ ኮፍያው ከራሱ ከዳው።
ልጆች አጨበጨቡ። እኔም፣ ውሸት ለምን፣ ኮራሁ፤
ሙሔ ብቻ ዝም አለ፤ ቅናት መስሎኝ ናቅሁ።

ቅዳሜ ሦስት ኩንታል ሽንኩርት ጭኖ ወጣ።
ዶሮ መዝለያ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ሞተሩ ትንፋሽ አጣ።
ዙሩ ሲወርድ በሩ ገና ክፍት ነው፤
ፒስቶን የሳበው አየር በመጣበት ይመለሳል፣ ማን ይያዘው?
ያውም ስስ አየር፣ የደጋ አየር፣ ቆጥበው የሚሰጡት።
ደወለልኝ፦ "ልብ ሰጥተሽ ጉልበት ነሳሽኝ፤
ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ ቆሜያለሁ፤ ምከሪኝ።"
ስደርስ ጭጋጉ ወርዷል ከጦሳ፤
ጦይብ ከሽንኩርቱ ጎን ተቀምጧል፣ ያለ ምሳ።
አልተቆጣኝም። ያ ነው ያቃጠለኝ።

ሙሔ "ነግሬሽ ነበር" አላለም፤ መነጽሩን ወልውሎ፦
"ለሜዳ የከፈትሽውን በር ለዳገት ዝጊው ቶሎ።"
ሌላ ካም አገኘን፣ ከአሮጌ ፓምፕ፣ ከባቲ ገበያ፤
ከፍታውን ጠበቅኩ፣ ጊዜውን አሳጠርኩ፤
ያቺን ቅጽበትም ቀነስኳት፣ ልክ እንደ ክር መግቢያ።
ከቫልቩ ጫፍ የወረቀት ክፍተት ተውኩለት፤
ብረትም ሲሞቅ ያድጋል፣ ይሻል ማደጊያ ቤት።

አሁን ጦይብ ዝግ ብሎ ይወጣል። ባጃጅ ይቀድመዋል።
ይሳደባል። ይደርሳል።
የመጀመሪያው ካም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ያብረቀርቃል፤
አንዳንድ ማታ፣ ሱቁን ስዘጋ፣ ጣቴ አፍንጫውን ይዳስሳል።
ያዩት ሲጠይቁኝ፣ "ይሸጣል?"፣ "አይሸጥም" እላለሁ፤
ዘይት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።