ሦስተኛው እግር

ግቢ ነጂባ ከጥላው ሥር፣ ጓደኛሽም ትጠጋ፤
የጅማ ዝናብ ነው፣ ከጀመረ እስኪነጋ።
ማመልከቻው ሃምሳ ብር፣ ምክሩ ግን በነጻ፤
ምክር ሸጦ አላየሁም ከዕዳው የነጻ።

«የእንጨት ሥራ ልንከፍት» አላችሁኝ በሹክሹክታ፤
እኔ የሰማሁት የመጋዝ ድምፅ ነው፣ የድሮው፣ ከሂርማታ።
እኔም ነበረኝ ሱቅ፣ ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፤
ከከማል አባ ጊሳ ጋር። አንድ መላጊያ ለሁለት፤ ማን ይጽፋል ተዋዶ?
ውል? ማን አስቦ! መዳፍ ለመዳፍ ተመታታን፤
እሱ «ወላሂ»፣ እኔ «ማርያምን» ብለን፣ በዚያው ረካን።
በሦስተኛው ዓመት ትእዛዝ መጣ፣ የትምህርት ቤት ወንበር፣ ሁለት መቶ አርባ፤
ገንዘቡም በአንዳችን ስም ባንክ ገባ።

እንለፈው።

መጀመሪያ ቲን ቁጥር፤ አሻራችሁን ስጡ፤
ከዚያ የንግድ ስም፣ አንድ ሳይሆን ሦስት አምጡ፤
የመጀመሪያው ተይዟል ይሏችኋል፣ አትቆጡ።
«ጅማ ዋንዛ»ን ተዉት፣ እሱን ያላሰበ የለም፤
የእናታችሁንም ስም አትስጡት፤ ሱቅ ሲዘጋ ያማል፣ ሱቅ ዘላለም አይደለም።

አከራዩ ጋሽ ወልደሰንበት «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ልጆቼ ናችሁ» ቢል፣
አባትነቱም ይጻፍ፦ በወር ስንት ብር እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቀጥል።
ቆጣሪውን እዩ። የፊተኛው ተከራይ ብየዳ ነበር ሥራው፤
የመብራት ዕዳ ስም አይጠይቅም፤ ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ነው የሚያዘው።

ዋንዛ በሌሊት ቢመጣላችሁ፣ በግማሽ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ፣
ርካሽነቱ እስከ ኬላ ነው፤ አንድ ጊዜ እኔንም አስለቀሰኝ።
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ግዙ፤ በግራ የገባ፣ በቀኝ የወጣ፤
አክስት በርጩማ ወስዳ «ለኢድ እከፍላለሁ» ብትል፣ ጻፉ፤ አክስትም ትቆጣ።
ሐምሌ ሲመጣ ግብር አለ። ደረጃ «ሐ» ናችሁ፣ ትንሽ ናችሁ፤ ሐምሌ ግን ትንሽ አያውቅም፤
በሦስተኛው ቀን ሂዱ፤ በሠላሳኛው ሰልፉ እስከ አስፋልት ነው፣ ሰነፍ ብቻ በዝናብ ይቆም።

ምንታምር፣ አንቺ ዝም ያልሽው፣ አፍሽ ላይ ምን አለ?

«ብንጣላስ?»

እሱን ነው የምጠብቀው፣ ከመጣችሁ ጀምሮ።
ጻፉት አሁን፣ ሳቅ እያለ፤ ፊት ሳይጠቁር፣ ሳይጀመር ሮሮ።
ማን ስንት አዋጣ፣ መጋዙ የማን ነው፤ አንዷ ብታገባ፣ ዓረብ አገር ብትሄድ፣
ትርፉ እንዴት እንደሚካፈል፣ ዕዳውስ በማን ትከሻ እንደሚወርድ።
ከባንክ ስታወጡም ሁለት ፊርማ ይሁን፤ አንዷ ብቻዋን አትችል።
ይሄን ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ ፈርሙ፤ «ያፍሩናል» ያለ ይበል።

በርጩማ ታውቃላችሁ። ሁለት እግር፣ ሰው ደግፎት እንኳ፣ አይቆምም፤
ሦስት ሲሆን ግን፣ መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆን፣ አይነቃነቅም።
አንዱ አንቺ ነሽ፣ አንዱ እሷ።
ሦስተኛው ይሄ ነው፣ ይሄ ነጭ ወረቀት።

ምን ታዩኛላችሁ?
የባንኩ ደብተር በማን ስም ነበር፣ ነው?

በኔ።

ከማል አልከሰሰኝም። በምን ይክሰሰኝ?
ወላሂውን ይዞ ችሎት ይቁም?
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በዚህ በኩል በባጃጅ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሹፌሩ ያዞራል፤
ይህች የተቀመጥኩባት በርጩማ ግን የእሱ እጅ ናት፤
አንድ እግሯን ብቻ ነው እኔ የለወጥኩት።

በሉ፣ ሙሉ ስም፣ እስከ አያት።
ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ፤
ብዕሩ እርጥበት አይወድም።