ወደ ግራ ይታጠፉ

ግድግዳዋን በሙሉ ብርድ ልብስ ያለበሷት፣
ከደብረ ብርሃን ገበያ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤
እዚያ ነው ማይክ ፊት፣ በጉንፋን ተቀምጬ፣
ጉሮሮዬ እንዲከፈት ዝንጅብል አላምጬ፣
ያነበብሁት ጽሑፉን፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣
ያላየሁትን ግንብ፣ ያልረገጥሁትን መሬት።
ክፍያው በገጽ ነበር፤ ለአንዱ ገጽ መቶ ሃምሳ፤
ድምፄ ለቤት ኪራይ እንጂ ለግንብ መች ሊነሣ።

ዘንድሮ በኅዳር፣ ማሾ ከሚነግድ ጓዴ ጋር፣
ጣርማ በርን ሾልኬ ወረድሁ ወደ ቆላው አገር፤
ደብረ ሲና ጃኬቴን፣ ሮቢት ሹራቤን አወለቅሁ፤
አይሱዙው ጎማ ሲያስለጥፍ፣ እኔ ባጃጅ ያዝሁ።
«ፍርስራሹ ጋ» ብለው፣ ነጂው ዞሮ «የቱ?» አለኝ፤
«የጥንቱ ከተማ።»
«እ፣ ድንጋዩ ጋ ነው የምትለኝ!»

መግቢያው ላይ ሰሌዳ አለ፣ ዝገት የበላው ጥግ ጥጉን፤
ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ፤ በስልኬ አነሣሁት መልኩን፤
«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ ያ ጉንፋን የያዘው ሰው፣
ሦስት ዓመት የሚያንሰኝ እኔ፣ አፍንጫውን እየሳበው።

«ቁጥር ሁለት። ከዋርካው ሥር ቆመው ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ።»

ዋርካው የለም። ጉቶው አለ፤ ጉቶው ላይ ፍየል ቆማለች፤
እኔ ወደ ምሥራቅ፣ እሷ ወደ እኔ ትመለከታለች።

«ቁጥር አራት። በስተቀኝዎ የጸሎት ቤቱ ቅጥር ይታያል። እባክዎ ድንጋዩን አይንኩ።»

እጄ ግን ቀድሞኛል። ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠፍጣፋ ላይ፤
ይሞቃል እንደ ሰው ገላ፣ በረፋዱ ፀሐይ።

ቁጥር አምስት ላይ ሳልሁ።
ቴክኒሻኑ ጋሻነህ «ማንም አይሰማውም» ብሎ ተወው።
ሰማሁት።
ከጽሑፉ ውጭ ያልሁት እሱን ብቻ ነው።

«ቁጥር ሰባት። ከዚያ ዘመን በኋላ ከተማዋ ባዶ ሆነች። ዛሬ እዚህ የሚኖር የለም።»

«የለም» ከማለቴ በፊት ትንፋሽ ወስጄ ነበር፣
ኀዘን እንዲመስል፣ አድማጭ እንዲሸበር።
ከአንዱ ቅጥር ውስጥ ግን ቀሽ ቀሽ ይላል ማጭድ፣
አንዱን የማሽላ አገዳ አቅፎ፣ አንዱን ከሥር ሲያርድ።
ቀና አለች። ጦይባ ትባላለች። ላቧን በሻሽዋ ጠረገች።
ከንፈሬ ከድምፄ ጋር ሲንቀሳቀስ አይታ
«ከማን ጋር ነው የምታወራ?» ብላ፣ ዞራ ሰው ፈለገች።

አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋት። ሰባትን ደግሜ ተጫንሁ።
ሰማች። «የሚኖር የለም» ስል፣ ይኸው እኔም ሰማሁ።
ሳቀች እንጂ አልተቆጣች። ማጭዷን አሳየችኝ፤
«እኔስ?»
ብቻ ነው ያለችኝ።

ከዚያ እሷ ቀደመች።
«መስጊዱንስ አየህ?» አለች፣ እኔ ዞሬ ያለፍሁትን ቃል
እንደ ጎረቤት ስም አቅልላ።
ቁጥር ስምንት፣ እኔ «አገልግሎቱ ያልታወቀ ክፍል» ያልሁት፣
የባሏ አያት በዝናብ ጊዜ ጥጃ ያሠሩበት።
ቁጥር ዘጠኝ፣ «የተሰነጠቀው ምሰሶ»፤ ስንጥቁ ውስጥ ንብ አለ፤
አምና አንዱ ጎብኚ ነክቶት፣ እስከ አስፋልቱ እየጮኸ ዘለለ።

«ይህን ስታነብ ስንት አገኘህ?»
«በገጽ መቶ ሃምሳ» አልኋት።
«ብትጠይቀኝ በነጻ ነበር።»
መልስ ጠፋኝ። አንገቴን ደፋሁላት።

ማዳመጫውን ነቅዬ ስልኩን ኪሴ ከተትሁ፤ ማጥፋቱን ረሳሁ፤
ከአገዳው ግማሹን ተሸክሜ ከኋላዋ ተነሣሁ።
እሷ ስለ ውኃው ታወራለች፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣
የታችኞቹ ተራ ሲያልፍ ማን እንደሚቆጣ።
ይኼኔ ያ ሰው ከኪሴ፣ ማንም ሳይጠራው፣
አፍንጫውን ስቦ፣ ድምፁን አጥርቶ፦

«ቁጥር አሥር። ወደ ግራ ይታጠፉ።»

«አትስማው» አለች ጦይባ፣ ሳትዞር።
«ግራው ገደል ነው።»