የኅዳጉ እርሳስ

ዝናቡ አባራና ላስቲኩን ገለጠ፣
ጌጤነህ ከአጥሩ ሥር በርጩማው ላይ ተቀመጠ።
ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ነው ሱቁ፤ ሱቅ ካልነው ነገሩን፣
ሁለት ጣውላ፣ አንድ ሸራ፣ ጡብ ያቆመው እግሩን።
"ስለ ናፖሊዮን አለህ ወይ?" አልኩት።
"የትኛውን?" አለኝ። "ስንት ነበሩ?" አልኩት።
"ጋሼ፣ አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል፣
አንዱ ደግሞ ለሚስቱ ደብዳቤ ይጽፋል።
ዋጋቸው ይለያያል።"

ሦስት አወረደልኝ፣
በእጅጌው ጠረገና ጉልበቴ ላይ ጫነልኝ።

የመጀመሪያው ወፍራም፣ ቆዳው ቀይ፣ ጠርዙ ወርቅ፣
ሰውዬው ነጭ ፈረስ ላይ፣ ፈረሱ ላብ የማያውቅ።
ገለጥኩት። ካርታ በካርታ፤ ቀስቶቹ ሰማያዊና ቀይ፣
ከወንዝ ወንዝ ይዘላሉ፣ ጭቃ የለም መንገዱ ላይ።
ስልሳ ሺህ ሰው በአንድ ቀስት!
እኔ በስንቅና ትጥቅ ክፍል፣ ዘጠኝ ዓመት፣
ጆንያ ስቆጥር የኖርኩ ነኝ፤ አንድ ሻለቃ ጦር
በቀን ስንት ካርቶን ኮቾሮ እንደሚጨርስ ልናገር
ብባል አላፍርም። ይህ ደራሲ ግን
በስድስት መቶ ገጽ አንዲት ዳቦ አላስገባልን።
መለስኩለት።

ሁለተኛው ስስ፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመ፣
ሽፋኑ የወለቀ፣ ጀርባው በፕላስተር የታከመ።
ለዚህ ልቤ አዘነበለ፤ ቋንቋው ልብ ያንጠለጥላል፣
ጄኔራሉ እንደ ድሮ ባላባት ይፎክራል፣ ይሸልላል፤
ግን ሞስኮ በር ላይ ደርሶ፣ በረዶው ሊጀምር ሲል፣
መጨረሻው ተገንጥሏል።
"የቀረውስ?" "ቆሎ የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችኝ፤
አንድ ቀን ዘግይቼ ብመጣ፣ መጠቅለያ አጥታ ቀደመችኝ።"
ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ከነመድፉ፣ ከነፈረሱ፣
በረዶ ሳይነካቸው በቆሎ አለቁ፤ አምባሳደር ሲኒማ ሳይደርሱ።

ሦስተኛው ግራጫ፣ ሥዕል የለው፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ፣
እንግሊዝኛው ድንጋይ። ልመልሰው ስል ነው ኅዳጉን ማየቴ፣ ዞሬ።
በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ በተጠነቀቀ የእጅ ጽሕፈት፣
የማላውቀው ሰው አብሮ ዘምቷል፣ ሌሊት በሌሊት።
ደራሲው "ድል!" ሲል፣ እሱ ከጎኑ፦ "ውኃው ከየት መጣ?"
ደራሲው "ገሰገሱ" ሲል፦ "በምን ጫማ?" እርሳሱ ከወረቀቱ ጀርባ እስኪወጣ።
ገጽ ሁለት መቶ አሥር፦ "ይህን በቅሎ ማን ጫነው?"
ገጽ ሁለት መቶ ሠላሳ፦ "የቁስለኛው ስም ማነው?"
ከዚያ፣ የበረዶው ምዕራፍ ላይ፣ ቃል የለም፤ ጭረት፣ ጭረት፣
አምስት አምስት እያሰረ አንድ ነገር ቆጥሮበት።

ምን እንደቆጠረ እንጃ።
እኔም እንዲህ ቆጥሬአለሁ፣ ከመኪናው ያልወረዱትን፣
በኮቾሮ ካርቶን ላይ፣ ስማቸውን ሳይሆን፣ ብዛታቸውን።

"የማን ነበር?" "እንጃ፣ ጋሼ፤ አንዲት ሴት በካርቶን
ጥላልኝ ሄደች። ዋጋ ስነግራት፣ 'ተወው፣ ብቻ ቤቱ ይቅለለን።'
የተሞነጫጨረ ነው፤ ሃምሳ ብር ልቀንስልዎት።"
"አትቀንስ" አልኩት።
"እንዲያውም…" ሳልጨርሰው ዝም አልኩት።

ለእህቴ ልጅ ነበር ግዢው፤ ለኢዮስያስ፤ አሥራ አምስት ዓመቱ፤
ነጭ ፈረሱን ነው የሚሻው፣ ያኮርፋል ግራጫ ሲያይ በፊቱ።
ያኩርፍ።

በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ለገሃር ወረድኩ፤ ካፊያው እንደገና።
ሰልፉ መሀል የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ፤ ደሴቲቱ፣ ባሕሩ፣
ኅዳጉ ነጭ፣ ሰው ያልሄደበት ጎዳና።
እርሳሱ እዚህ አልደረሰም።
ኪሴን ዳበስኩ፤ መነጽር፣ የመብራት ደረሰኝ፣
የሚጽፍ ነገር የለኝ።
ረዳቱ በሩን ይዞ ይጣራል፦ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!"
ገባሁ። ቆጠረኝና በሩን ዘጋው።