የነሐሷ ተረከዝ

የጰራቅሊጦስ ሰኞ፣ የዕረፍቱ ማብቂያ፤
ሰማዩ የረጠበ የሳህን መጥረጊያ።
ከኦርሁስ ሁለት ሰዓት ወደ ሰሜን ነድተን፣
በአንዲት ትንሽ ወደብ ሁለት ሌሊት ተኝተን፣
ብንወጣ፣ የልጆች ባቡር ተሰብራ ቆማ፣
ሙዚየሙም ዝግ ነው፣ ቁልፍ ያዧ ታማ።
ማይከን አኩርፋለች፣ ካልሲዋ ረጥቦ፣
አይስክሬሟ በክንዷ ወርዶ ተንጠባጥቦ።

ካርታው ላይ በቀይ ቀለም ሰባት ሐውልት አለ፤
ስድስቱን አየነው፣ ማን ልብ ብሎ ዋለ?
አንዱ ክብ ድንጋይ ነው፣ አንዱ የብረት ዓሣ፣
በሦስተኛው ራስ ላይ ወፍ ጎጆ ቀልሳ።

ሰባተኛዋ ግን፣ በወደቡ ጫፍ ላይ፣
ነሐስ ሴት ቆማለች ባሕር ባሕሩን የምታይ፤
ለዕድል ሲሉ ሰዎች አፍንጫዋን ነክተው
ወርቅ አስመስለዋታል፣ ዝገቷን አጥፍተው።

አባቴ አክስል ግን፣ ፊቷን ማየት ትቶ፣
ጎንበስ አለ እግሯ ሥር፣ ዱላውን ለእኔ ሰጥቶ።
«እዚህ ነው፣» አለኝ፤ «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ሰሙ ሳይደርቅ ገና ነክቶታል አውራ ጣቴ።
አለቃዬ አላየም፤ እኔም አልነገርኩ፤
ደሞዜ እንዳይቆረጥ አፌን ዘግቼ ዋልኩ።»

ሰሌዳው ያወራል ስለ ቀራፂዋ፣
ስለ ልደት ቀኗ፣ ስለ ሽልማትዋ፤
ስለ ማቅለጫው ቤት አንዲት ቃል አልሰፈረም።
አባቴ ግን በዚህ ቅር ብሎት አልነበረም።

አውራ ጣቱን ልኮ ያንን ጉድጓድ ሲለካ፣
ሪህ ያሳበጠው አንጓ ጠርዙን ብቻ ነካ።
ማይከን መጣች ያኔ፣ ኩርፊያዋን ረስታ፣
በአይስክሬም የጨቀየ ጣቷን አስገብታ፦
«ቀዝቃዛ ነው፣» አለች፤ «ውስጡ አሸዋ አለ።»
አክስል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አውጪው፣» አለ።

ከዚያ ዓሣ በላን፣ ውድ፣ ጨው የበዛበት፤
ጉም መንገዱን ዘግቶ ቀስ አልን ወደ ቤት።
አክስል ተኝቷል፣ አውራ ጣቱን ጨብጦ፣
ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ዝገት ተቀምጦ።