ቀዩ ጣቃ

አባቴ ሳፓሎ፣ በካአላ ከተማ፣ ልብስ ሰፊ ነበረ፤
ከሀዲዱ ማዶ፣ ባንድ በር ሱቅ ውስጥ፣
የሰው ሱሪ ሲያሳጥር የራሱ ዕድሜ አጠረ።
ሲንጀሩን በዱቤ ከፖርቱጋል ነጋዴ ወስዶ
ዕዳው ሳይጋመስ፣
ነጋዴው ወደ መርከቡ ሮጠ ደብተሩን አንድዶ።
«ነጻነት ማለት» አለ አባቴ፣ «ዕዳ ጠያቂ ማጣት ነው» ብሎ፤
አልቆየም፣
ጠያቂው ከየአቅጣጫው መጣ ጠመንጃ አዝሎ።

የቅኝ ገዢው ሹም ያዘዘው ባንዲራ አረንጓዴና ቀይ ነበረ፤
ሳይረከበው ሄደ፣ መደርደሪያ ላይ ቀረ።
«ጓድ፣ ጓድ» የሚባባሉት ከባሕሩ ዳር መጡ፣
ቀይና ጥቁር ስፋ አሉ፣ ለኮከቡ ቢጫ ቁራጭ ሰጡ።
ከጫካ የወጡት፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ጥቁር አውራ ዶሮ፤
ንጋት ሊያበስር የተሰፋ፣
ጉሮሮው ግን በክር ተቋጥሮ።
አባቴ ልካቸውን ይወስዳል፤
ሁሉም ግን «ልክ እኛ ነን» ይላሉ፤
ያንኑ ጣቃ ይዘረጋል፣ ቀዩን።
አረንጓዴ ሲጠፋ ይታገሣሉ፣ ቢጫ ሲጠፋ ይታገሣሉ።
ያለ ቀይ ግን ማንም።

ኤሊሴር የሚባል ሾፌር ነበር፣ ከኩባ የመጣ፣
በየወሩ ሱሪውን ሊያስጠብብ ብቅ የሚል፣ ወገቡ እየቀጠነ፤
ዋጋው አንድ ሳሙና ነበር፣ አንዳንዴ የዓሣ ቆርቆሮ።
«በጥር እገባለሁ» ይላል፣ የእናቱን ግቢ ፎቶ እያሳየ።
ሦስት ጥር አለፈ።
በአራተኛው ሱሪው ብቻውን መጣ፣
ለሌላ ወታደር እንዲጠብ።

ከደቡብ የነጮቹ ጄት፣ ከሰሜን የማን እንደሆነ ያልታወቀ አውሮፕላን፤
ሣጥን ሲራገፍ እናያለን፣
በአንዱ ላይ ሩሲያኛ፣ በአንዱ ላይ እንግሊዝኛ።
እኔ የማነበው ኡምቡንዱ ብቻ ነበር፤
በኡምቡንዱ የተጻፈበት ጥይት አላየሁም።
የሚመታው ግን ኡምቡንዱ ተናጋሪውን ነው።

እኔ ንጉዌቬ ነኝ፣ መንትያዬ ጃምባ፤
በአገራችን መንታ ሲወለድ አንዱ ዝሆን ነው፣ አንዷ ጉማሬ።
ዝሆኑን ከሚሲዮኑ ደጅ ወሰዱት፣ በአሥራ አራት ዓመቱ።
የትኞቹ እንደሆኑ አላወቅንም፣ ማታ ነበር፤
በማታ ባንዲራ ቀለም የለውም።
ከዚያ ወዲህ አባቴ፣ ለመጣው ሁሉ ሲሰፋ፣
ከዘርፉ እጥፋት ውስጥ፣ ሰው በማያይበት፣ ትንሽ ዝሆን ጠለፈ፤
ምናልባት
ጃምባ ከሥሩ ካለፈ።

ሃያ ሰባት ዓመት። ከዚያ በሚያዝያ አንድ ቀን ሬዲዮው «አለቀ» አለ።
ቀዩ ጣቃ ግን አላለቀም፣ አራት ክንድ ተርፎ ነበር።
እኔ ፈንጂ ለቃሚ ሆኜ ተቀጠርኩ፤
አለቃችን ለምልክት የሚሆን ቀይ ጨርቅ ፈለገ፣ መዳፍ የምታህል።
አባቴ ዓይኑ ፈዟል፤ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ዘመዘመልኝ፣
ስወጣም መረቀኝ፦
«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።»
አደረገልኝ።
በየአንድ እርምጃው ቀይ ጨርቅ፣
በበቆሎው ማሳ፣ በወንዙ መውረጃ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር።
በሆዴ ተኝቼ አፈሩን በዘንግ እየጠየቅሁ
ሌላው ባንዲራ ሲተከል ይጨበጨብለታል፤
የእኔ ሲነቀል ነው፣
ያውም የምታጨበጭበው አንዲት ሴትዮ፣ መቆፈሪያዋን ተደግፋ።

ትናንት ከአሮጌ ምሽግ የበሰበሰ ጨርቅ አወጣሁ፤
ዝናብ ልጦታል፣ የማን እንደነበረ ቀለሙ አይናገርም።
ዘርፉን በጥፍሬ ገለጥኩት።
ዝሆኑ አለ፣ አንድ እግሩ ተተርትሮ።
በዙሪያው አጥንት ፈለግሁ፤ አንድ ቁልፍ አገኘሁ፣ አንድ ማንኪያ።
አጣጥፌ ከምሳ ዕቃዬ ሥር አኖርኩት።
አባቴ ማታ ቦርሳዬን ሲዳብስ፣
«ዛሬ ምን ነቀልሽ?» አለኝ።
«ሦስት» አልኩት።
ስለ ጨርቁ ገና አልነገርኩትም።