ገጽ ገላጯ

ቅዳሜ ሳይነጋ አውቶቡሴን አሙቄ፣
የመስታወቱን ውርጭ በካርድ ጠርዝ ፍቄ፣
ከሲልቨር ቤይ ሁለት፣ ከቱ ሃርበርስ አራት፣
ልጅ እለቅማለሁ፣ ሳጥን ያነገተ፣ ከየበሩ መብራት።
አንዱ ከራሱ የሚረዝም ቼሎ ይጎትታል፤
አንዷ ባሱን ሳጥኗ ውስጥ ሙዝ ትደብቃለች፣ መንገዱን ሙሉ ይሸታል።
ወደ ዱሉት ስንወርድ ሐይቁ በግራ ነው፤ ጥቁር፤ ዝም ይላል።
ሁሉም ተኝቷል፤ የልጄ ጣት ብቻ ጉልበቷ ላይ ይዘላል።

ትርሲት ዐሥራ አራቷ ነው። ሁለተኛ ቫዮሊን፣ የመጨረሻው ረድፍ፣
ከከበሮው አፍንጫ ሥር፣ ከመጋረጃው ዘርፍ።
በአንድ አትሮንስ ሁለት ሆነው አንድ ወረቀት ያያሉ፤
ሕጉን እሷ ናት ያስረዳችኝ፤ የውጪና የውስጥ ወንበር አሉ።
ገጹ ሲያልቅ የውጪዋ፣ ሶልቬይ፣ መጫወቷን ትቀጥላለች፤
የውስጧ ደጋኗን አውርዳ ገጽ ትገልጣለች።
የውስጧ ትርሲት ናት።
«አባ፣ በዚህ ሲምፎኒ ሃምሳ ሦስት ኖታ ያመልጠኛል» አለች፤
«ቆጥሬዋለሁ።» እንደ ሒሳብ ነገረችኝ፣ ብርቱካን እየላጠች።

በልምምድ፣ ኦቦዋ «ላ» ስትሰጥ፣ ስልሳው ሲከተላት፣
አንድ የማዕድን መርከብ ከድልድዩ ሥር ጡሩምባውን ነፋባት፤
ባለትሮምቦኑ ልጅ በመርከቡ ቃኘ፤
ሚስ ሃልቮርሰን ራሷን ያዘች፤ ሳቁ ባዳራሹ ናኘ።

የታኅሣሥ ኮንሰርት። ወንበሩ ሞልቷል፤ ካፖርት በየጭኑ።
በሦስተኛው ክፍል የፊተኛው ልጅ፣ የኢላይ፣ ተበጠሰ ቀጭኑ፤
ጧ!
ለዚህም ሕግ አለው፦ ደህናው ወደ ፊት፣ ሰባራው ወደ ኋላ፣
ከእጅ ወደ እጅ፣ ሙዚቃው ሳይቆም፣ ሳይላላ።
የሰባራ መድረሻው የት ነው? መጨረሻ የተቀመጠ ዘንድ።
ትርሲት ባለ ሦስት አውታሩን ተቀበለች፤ አየችው አንድ አፍታ፣ እንደ እንግዳ ዘመድ።

አጠገቤ ያሉት ሴትዮ፣ ጓንታቸውን እያወለቁ፣
«የትኛዋ ናት የእርስዎ?» ብለው ጠየቁ።
ልክ ያኔ ገጹ አልቆ፣ እጇ ተዘርግቶ ነበር።
«አሁን የማትጫወተዋ» አልኳቸው፣ «ያቺ፣ ከጥጉ ወንበር።»

ከዚያ ደጋኗን አነሣች። ቀጭኑ የለም፤ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ
በጎረቤቱ አውታር ተንጠላጠለች፣ ጣቷ ጫፍ እስኪመጣ።
ከስልሳው ድምፅ አንዱ የሷ ነው፤ የቱ እንደሆነ አላውቅም፤
ሞተር ሲታመም ከድምፁ እለያለሁ፤ ይሄን ግን አልችልም።

ማታ ስንመለስ ሐይቁ በቀኝ ነው። በረዶ ይጥላል።
ከኋላዬ አንድ ዜማ ይሰማል፤ ይቆማል፣ ይዘላል፤
ስድስት ኖታ፣ ዝም። ሰባት ኖታ፣ ዝም።
ጫፍና ጫፉ የማይገጥም።
«ምንድነው?» አልኳት።
«የቀሩብኝ ናቸው» አለች። «በተራ።»

ካስል ዳንገር ስንደርስ የአንድ ቤት መብራት በመስኮቱ ዘለቀ፤
ገጿ በመስታወቴ ተገለጠ፣ ለስድስት ኖታ ያህል።
ነዳጁን ቀነስኩ። መንገዱ ገና ነው፤
እሷም ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ናት፤ ማን ይቸኩላል?